ዛሬም አላገኘኋትም

ኔዳ ጠዋት ወደ ቢሮ ስትገባ ሊዩቤንን ቀና ብላ ሳታይ አታልፍም። ሊዩቤን ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የምታየው በሕንፃው መግቢያ በር ላይ የተለጠፈውን፣ ፎቶው ያለበትን የሙት ዓመት ወረቀት ነው፤ የዛሬ ዓመት ሚስቱ ስቶያንካ በእጇ የለጠፈችውን። ፀሐይና ዝናብ ተፈራርቀውበት ጢሙ ጠፍቷል፣ ክራቫቱ ነጥቷል፣ ዓይኖቹ ግን አሁንም ያያሉ። የቡልጋሪያዋ ከተማ ሩሴ እንዲህ ናት፤ ሰው ሞቶም ከደጅ አይነሳም። በአርባው ይለጠፋል፣ በመንፈቁ ይለጠፋል፣ በየዓመቱ ይለጠፋል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ፊቱን እያየ ገበያ ይሄዳል። ሙት ዓመቱ ደርሶ ሳይለጠፍ የቀረ እንደሆነ ግን ሰፈሩ ዝም አይልም፤ ምን አጥፍቶ ነው ይባላል።

ኔዳ የአርባ ሰባት ዓመት ሴት ናት። ዳኑብ ወንዝ ዳር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አራት ሰዎች በቀሩት አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ፕሮግራም ትጽፋለች። ንግግሯ ቁጥብ ነው፤ ሥርዓት ሲበዛ ትወዳለች፤ እርሳሶቿ እንኳ ተሰልፈው ነው የሚያድሩት። ድርጅቱ የሚሠራው ሙዚቀኞች በኮምፒውተራቸው የሚጫወቱበትን ሶፍትዌር ነው። በውስጡ ወደ አራት ሺህ የሚጠጉ ዝግጁ ድምፆች አሉ። ዝግጁ ድምፅ ማለት አንድ ሰው ተቀምጦ የሶፍትዌሩን መቆጣጠሪያዎች እያዞረ፣ እየቀነሰ፣ እየጨመረ ያገኘውን ድምፅ ስም ሰጥቶ ሲያስቀምጠው ነው። ከነዚህ ግማሽ ያህሉን የሠራው ሊዩቤን ነበር።

ደንበኞች ለዓመታት አንድ ነገር ሲለምኑ ኖረዋል። አራት ሺህ ድምፅ ውስጥ የሚፈልጉትን ማግኘት አልቻሉም፤ ስም ጽፈው የሚፈልጉበት ሳጥን ይሠራልን አሉ። የድርጅቱ ባለቤት ክራሲሚር በዚያ ጥር ወር ላይ በመጨረሻ እሺ አለና ኔዳን ጠራት።

«ሳጥን ናት እኮ፤» አላት። «ሰው ይጽፋል፣ ድምፁ ይመጣል። ሁለት ሳምንት ይበቃሻል፤ ለአንቺማ እንዲያውም ይበዛል።»

ቀላል ነው የሚል ሰው ሁልጊዜም ሥራውን የማይሠራው ሰው ነው። ኔዳም ቢሆን አልተከራከረችውም፤ እሷም ቀላል መስሏት ነበር። ጠረጴዛዋ ላይ ተመልሳ የቆዩ ጥያቄዎች የሚቀመጡበትን መዝገብ ከፈተች፤ መፈለጊያ ሳጥን መጀመሪያ የጠየቀው ማን እንደሆነ ለማየት። ደንበኛ አልነበረም። የዛሬ ሰባት ዓመት የተጻፈ ነው፤ «መፈለጊያ ቢኖረን። ሊዩቤን» ይላል። ከሥሩ የራሷ መልስ አለ፤ «አያስፈልግም። ስሞቹ አሁን ሥርዓት ይዘዋል። ኔዳ»። በዓመቱ ሊዩቤን ጥያቄውን መልሶ ከፍቶታል፤ ኔዳ መልሳ ዘግታዋለች። እንደገና ከፍቶታል፣ እንደገና ዘግታዋለች። አራት ጊዜ። ኔዳ መዝገቡን ቶሎ ዘግታ ወደ ሥራዋ ዞረች።

ስቶያንካ የመጣችው በዚያው ሐሙስ ነው። ስቶያንካ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ያረጀች፣ ስድሳ የደፈነች፣ ድንጋይ የመሰለች ሴት ናት። ባለፈው ዓመት የመጣችው አዲሱን ወረቀትና ስኳር የተነሰነሰበት የስንዴ ንፍሮ ይዛ ነበር፤ ለእያንዳንዳቸው በኩባያ አድላ፣ «ነፍሱን ይማር» አሰኝታ ሄዳለች። ዘንድሮ ግን ባዶ እጇን ነው። ካፖርቷን ሳታወልቅ ኔዳ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ዘንድሮ አልለጥፍም፤» አለች። «ከበራችሁም አንሱት።»

መልስም ሳትጠብቅ ከቦርሳዋ አንድ ሰማያዊ የተማሪ ደብተር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ሊዩቤን ከሞተ በኋላ ካፖርቱ ቢሮ ተሰቅሎ ቀርቶ ነበር፤ ከቀብር በኋላ ሰጥተዋት ቁም ሳጥን ውስጥ ከታዋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ልትነካው አልቻለችም። ባለፈው እሁድ ለድሃ ልትሰጠው ስታወጣ የውስጥ ኪሱ ውስጥ ይህን አገኘች። ኔዳ ገለጠችው። በየገጹ ላይ ቀን አለ፣ ከቀኑ ሥር አንድ መስመር አለ። «ዛሬም አላገኘኋትም።» በሚቀጥለው ገጽ፣ «ዛሬም አላገኘኋትም።» አንዳንዱ ቀን ላይ፣ «ዛሬ የመጣች መስሎኝ ነበር።» አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው።

ሩሴ ውስጥ የማይወራ የለም። ሊዩቤን የሞተው ቤቱ አልነበረም። አንድ የጥር ጠዋት፣ ካፖርት ሳይለብስ፣ ከቤቱ ተቃራኒ በሆነው በድሩዥባ ሰፈር የመጨረሻው አውቶቡስ መጠበቂያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ደርቆ ነው የተገኘው። ልብ ነው አለ ሐኪሙ። ሰፈሩ ግን፣ ልብ ከሆነ ልቡ እዚያ ማን ዘንድ ነበር አለ። ስቶያንካ ይህን ሁሉ ሰምታ እንዳልሰማች ኖራ ነበር። ደብተሩ ነው የጨረሳት።

«አሥራ አራት ዓመት አብረሽው ሠርተሻል፤» አለቻት። «ማን ናት?»

«እትዬ ስቶያንካ፣ እውነቴን ነው የምልዎት፣ አላውቅም።»

«ታውቂያለሽ። ሴት የማታውቀው ነገር የለም።» ተነሳች። «ሙት ዓመቱ ቅዳሜ ሳምንት ነው። እስከዚያ ንገሪኝ፤ አለዚያ የዚያን ሰው ስም እኔ ሁለተኛ አልጠራም፣ ፊቱንም ሰው አያየውም።»

ደብተሩን ጥላላት ሄደች። ማታ ኔዳ ስትወጣ በሩ ላይ ያለው ወረቀት አንድ ጥጉ ተቀድዶ አየች። ስቶያንካ ልታነሳው ሞክራ ነበር፤ ሙጫው እምቢ ብሏት እንጂ።

ኔዳ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ነገር ተሸክማ መሥራት ያዘች። አንዱ ሳጥኑ ነው፣ ሁለተኛው ያች ያልታወቀች ሴት ናት። ሴትዮዋን በቢሮው ሰው ሁሉ ላይ፣ ባለፉ ደንበኞች ላይ፣ ከታች ባለው ፋርማሲ ባለቤት ላይ ሳይቀር ለካቻት፤ ማንም ላይ ልክ አልመጣችም። ሊዩቤን ረጅም፣ ጎባጣ፣ ዓይነ አፋር ሰው ነበር። ከሴት ጋር ሊፍት ውስጥ እንኳ ብቻውን መግባት ያፍር ነበር። በዚያ ላይ ያ ካፖርት እንቅልፍ ነሳት፤ ለምን ሳይለብሰው እንደወጣ ከቢሮው ሰው ሁሉ እሷ ነበረች የምታውቀው። ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ሳጥኑ በሦስተኛው ቀን ሠራ። ኔዳ ለቫርባን ሰጠችው። ቫርባን የደንበኞችን ደብዳቤ የሚመልስ፣ ሆዱ የገፋ፣ ቀልዱ የማያልቅ ሰው ነው። ተቀምጦ በቡልጋርኛ «ሹክሹክታ» ብሎ ጻፈ፤ ምንም አልመጣም። «ቆይ» ብሎ ጻፈ፤ ምንም።

«ይቺ ሳጥንሽ ሩሴ ተወልዳ ቡልጋርኛ አትችልም እንዴ?» አላት። «ደግሞ እኮ ሰው ድምፅ ሲፈልግ በስሙ አይፈልግም። ያ እርጥብ ብርድ ልብስ ከላዩ የተጣለበት የሚመስለው የቱ ነው ብለው ነው የሚጽፉልኝ። አንድ ግሪክ ደግሞ አለ፤ ስም ከቀየራችሁ ስምንት ዓመቱ ነው፣ አሁንም በድሮው ስም ይጠይቀኛል። ሊዩቤን የት ሄደ ይለኛል። ምን ልበለው?»

ኔዳ ምንም እንዳይለው ነገረችው። ስምንት ዓመት የተባለው ነገር ግን እዚያው ከራሷ ጋር አስቀራት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሊዩቤን ለድምፆቹ ስም የሚያወጣው የሩሴ ሰው በስልክ መልእክት እንደሚጽፈው ነው፤ ቡልጋርኛውን በላቲን ፊደል። ላቲን «ቸ» ስለሌለው 4ን ያስገባሉ፣ አራት በቋንቋቸው በ«ቸ» ስለሚጀምር። «ሸ» ስትሆን 6 ትገባለች፣ ስድስት በ«ሸ» ስለሚጀምር። «ያ» ደግሞ q ትሆናለች፣ የቁልፍ ሰሌዳቸው ላይ እዚያው ቁልፍ ላይ ስለተቀመጠች። እናም ሹክሹክታ «6ኤፖት»፣ ቆይ ደግሞ «4አካይ» ሆነው ነበር። የሩሴ ልጅ እየሳቀ ያነበዋል፤ የውጭ አገር ደንበኛ ግን የተበላሸ ነገር የተሸጠለት ይመስለዋል። ደንበኞች ሲያማርሩ ክራሲሚር አስተካክይው አላት። ኔዳ በአንድ ከሰዓት በኋላ አንዲት አጭር ፕሮግራም ጽፋ፣ 4 ወይም 6 ወይም q የገባበትን ስም ሁሉ ጠርጋ፣ በምትኩ «ደወል 01»፣ «ደወል 02»፣ «ንፋስ 15» እያለች ሰየመችው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የሻረው ግን ኔዳ ናት። በጊዜው ኮርታበት ነበር።

በነጋታው ሊዩቤን ጠረጴዛዋ ዘንድ መጥቶ ነበር። «ኔዶ፣ ስሞቹን የት አደረግሻቸው?» አላት። ኔዶ የሚላት እሱ ብቻ ነበር። የድሮዎቹ ስሞች ዝርዝር እኔ ዘንድ አለ፣ ስትፈልግ ጠይቀኝ አለችው። አመስግኖ ሄደ። ከወራት በኋላ መጥቶ ያንኑ ጠየቃት። በሌላ ጊዜም መጣ። ቃሉ አይለወጥም፤ «ኔዶ፣ ስሞቹን የት አደረግሻቸው?» ይላል፣ በዚያው ለስላሳ ድምፅ፣ በዚያው ፈገግታ። ኔዳ መጀመሪያ መለሰችለት፤ ኋላ ግን የሚነካካት መሰላት። ሥራዬን አበላሽተሽብኛል ማለቱ ነው ብላ ያዘችበት።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ኮምፒውተርም እንደዚያው ነው። ኔዳ የድሮዎቹን ስሞች ዝርዝር ስምንት ዓመት ካስቀመጠችበት አወጣችው። ለዚያ ግሪክና ለመሰሎቹ ሲባል ሳጥኑ በድሮው ስምም እንዲያገኝ አደረገች። 4 ተብሎ የተጻፈው በ«ቸ» ቢፈለግም እንዲመጣ፣ 6ም በ«ሸ»፣ qም በ«ያ» እንዲመጣ ደንብ ጻፈች። ይህም ብቻ አልበቃም። የአንዱ ሰው 4 በእውነት አራት ማለት ነው፤ ያ ሁሉ በየተራ መለየት ነበረበት። ክራሲሚር መጥቶ አየና፣ ደወል ብዬ ስጽፍ ሁለት መቶ ይመጣብኛል፣ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጊያቸው አለ። እሱንም አደረገች፤ አሁን ፕሮግራሟ የየድምፁን መቆጣጠሪያዎች እያስተያየ መንትያ መንትያውን ከአንዱ ሥር ይሰበስባል። እርጥብ ብርድ ልብስ ብለው ለሚፈልጉት ሲባል ደግሞ በየድምፁ ፋይል ውስጥ ያሉትን ማስታወሻዎች ሁሉ ማስነበብ ግድ ሆነ፤ በድርጅቱ ማኅደር ውስጥ ያለ ምንም ፋይል ሳይቀር። ሁለት ሳምንት ይበዛል ያለው ክራሲሚር ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ ምን ይል እንደነበር እንጃ፤ እሷ ግን ማሰቡን ትታ ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የqን ደንብ ልትፈትሽ ተቀመጠች። ውስጡ «ያ» ያለበት አንድ ቃል ያስፈልጋት ነበር። ከሐሙስ ጀምሮ ከጭንቅላቷ ያልወጣ ስም አለ፤ እሱኑ በትክክለኛው ፊደል ጻፈችው። ስቶያንካ።

አንድ ውጤት መጣ። ደወል 07። የድሮ ስም፣ «ስቶqንካ»። ከጎኑ ፕሮግራሟ አንድ ቁጥር ጽፎላታል፤ ተመሳሳይ፣ 41።

ኔዳ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ደወል 07ን ነካችው። ትንሽ ደወል ናት። ግን ጥርት ብላ አትጮኽም፤ አፏን የታፈነች ናት፣ ድም ብላ ዝም ትላለች። ከዚያ አርባ አንዱን ከፈተች። አንዳቸውም ለገበያ ወጥተው አያውቁም፤ ሁሉም የሊዩቤን የግል ማኅደር ውስጥ ያሉ፣ በአራት ዓመት ውስጥ የተሠሩ ናቸው። የመጀመሪያው ደወል 07ን በጣም ይቀርባል። ሁለተኛው ትንሽ ይርቃል። አሥረኛው ላይ ደወሏ ቆርቆሮ ሆናለች። ሠላሳኛው ላይ ደወል መሆኗ ቀርቶ በር እንደመንኳኳት ነው። አንድ ሰው አንዲት ድምፅ ፍለጋ በጨለማ እየዳበሰ፣ በዳበሰ ቁጥር ከእሷ እየራቀ የሄደበት መንገድ ነበር።

ማስታወሻ አላቸው፣ ግን አይነበብም። ሊዩቤን እስኪሞት ድረስ አሮጌ ኮምፒውተሩን አልቀይርም ያለ ሰው ነበር፤ አሮጌው ማሽን የቡልጋሪያን ፊደል የሚያስቀምጠው በድሮው የፊደል ቁጥር አሰጣጥ ስለሆነ በአዲሱ ሲከፈት የተሰባበረ ምልክት ብቻ ይሆናል። ኔዳ መፍቻውን ጻፈች። ምልክቱ እየተፈታ፣ መስመር በመስመር ፊደል እየሆነ፣ ሊዩቤን ከስክሪኑ ላይ ያወራት ጀመር። ኔዳ ፈራች። ቀን ነበር፣ ቫርባን ከወዲያ ባኒጻ የሚሉትን የአይብ ቂጣውን እየበላ ነበር፣ መጋረጃው ክፍት ነበር፤ ሆኖም ፈራች።

«ይቺን ሠርቻታለሁ። የት ነው ያስቀመጥኳት?»

«ቨልናው በዛ።»

«ቨልናው አነሰ። ዛሬም አላገኘኋትም።»

ቨልና በቋንቋቸው ሞገድ ማለት ነው። ኔዳ የድምፅ ሞገዱን ሲያስተካክል ነው ብላ አለፈችው። በእነሱ ቋንቋ ደግሞ ደወል ሴት ናት። አገኘኋት፣ አጣኋት ነው የሚባለው።

ሃያ ሰባተኛው ላይ እንዲህ ይላል፤ «ዛሬ ደወል 07 የሚባል ሰማሁ። እሷን ትመስላለች። ግን ስሟ እሱ አይደለም።»

ኔዳ ይህን ስታነብ እጇ ከቁልፎቹ ላይ ወረደ። ገባት። ሊዩቤን እየረሳ ነበር። እነዚያ ዓመታት ሁሉ እየረሳ ነበር። ስም ሲኖራት የሚያውቃትን ስሟን ስታጣ ሊያምናት አልቻለም። መፈለጊያ ሥሩልኝ ያለው ለደንበኛ ብሎ አልነበረም፤ የራሱን እጅ ሥራ ማግኘት አቅቶት ነው። ኔዳንም ስለ ስሞቹ በጠየቃት ቁጥር የመጀመሪያው ነበር፤ ለእሱ።

አርባ አንደኛው ላይ ያለው ቀን ሊዩቤን ከመሞቱ በፊት ያለው ቀን ነው። «ኔዶን ልጠይቃት። እሷ ታውቃለች።»

ጠይቋት ነበር። ኔዳ ያን ቀን ደህና አድርጋ ታስታውሰዋለች። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሥራ በዝቶባታል። መጥቶ ቆመና፣ «ኔዶ፣ ስሞቹን የት አደረግሻቸው?» አላት። እሷም ቀና ሳትል፣ «አንተ ሰውዬ፣ ረሳሁ እያልክ ልታቃጥለኝ ነው የቆረጥከው?» አለችው። ሊዩቤን ይቅርታ አላት። ከዚያ ካፖርቱን መስቀያው ላይ ትቶ ወጣ፤ ይመለሳል ብላ አልጠራችውም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይላል የአገሬ ሰው። እዚህ ግን የተወጋው ረስቶ ሄዶ፣ የወጋችው ናት ከማስታወስ ጋር የቀረችው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኔዳ ኮምፒውተሯን ይዛ ስቶያንካ ቤት ሄደች። አራተኛ ፎቅ ነው። ከታች በመግቢያው በር ላይ የሌሎች ሰዎች ሙታን ተደርድረዋል፤ የሊዩቤን ቦታ ሙጫ ብቻ ቀርቶበታል። ስቶያንካ ከፍታ አስገባቻት፣ ተቀመጪ አላለቻትም።

«አመጣሽልኝ?»

«አምጥቻለሁ። መጀመሪያ ይስሙልኝ፣ እትዬ።»

ደወል 07ን አሰማቻት። ኔዳ ደገመችላት። ሴትዮዋ በእጇ የወንበሩን መደገፊያ ፈልጋ ያዘች።

«ይቺ የኛ ደጅ ናት፤» አለች። «የአባቴ ቤት። የደጁ ደወል ናት።»

ኔዳ ሁሉንም ነገረቻት። የድሮ ስሟን አሳየቻት፤ q ያለባትን። አርባ አንዱን አሳየቻት፣ ማስታወሻዎቹን አንድ በአንድ አነበበችላት። ቨልናው በዛ የሚለው ጋ ስትደርስ፣ እሱ የሥራ ቋንቋ ነው፣ የድምፅ ሞገድ ማለት ነው አለቻት።

«የምን ሞገድ?» አለች ስቶያንካ። «የበግ ጠጉር ነው እንጂ።»

ቡልጋርኛ ሲጻፍ ሞገድና የበግ ጠጉር አንድ ቃል ናቸው። ኔዳ ዕድሜዋን ሙሉ ከሞገድ ጋር ስለኖረች ጠጉሩ አልታያትም። ስቶያንካ ቆማ እያለች ተናገረችው። ሊዩቤን ሃያ ዓመቱ ሳለ በየማታው ከከተማ ወደ መንደራቸው በአውቶቡስ ይመጣ ነበር። አባቷ ኃይለኛ ነበር፤ ደጁ ሲከፈት ደወሉ ይጮኻል። ሊዩቤን ከበረቱ አጥር የበግ ጠጉር ለቅሞ የደወሉ አፍ ውስጥ ይጎሰጉስ ነበር። ጠጉሩ ካነሰ አባቷ ይነቃል፤ ከበዛ ደግሞ እሷ መምጣቱን አትሰማም። ልኩን ለማግኘት አንድ ክረምት ፈጅቶበታል።

ቀስ ብላ ተቀመጠች። ኔዳም የቀረውን ተናገረች፤ ስሙን የሻረችው እሷ እንደሆነች፣ መፈለጊያውን አራት ጊዜ እንደከለከለችው፣ በመጨረሻው ቀን ምን ብላ እንደመለሰችለትና ካፖርቱ ለምን ቢሮ እንደቀረ። ምንም አላስቀረችም። ስትጨርስ ስቶያንካ ታባርረኛለች ብላ ኮምፒውተሯን አጠፈች። ስቶያንካ ግን መስኮቱን እያየች ነበር።

«ቁልፍ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር፤» አለች። «ጨው ሁለቴ ያደርግ ነበር። ስጠራው አይሰማኝም። ልቡ ሌላ ቦታ ነው ብዬ ተጣላሁት። ደጃችሁ ላይ የተንጠለጠለው ምን ነበር ይለኝ ነበር፣ በየሳምንቱ። እኔ ሊያሾፍብኝ መሰለኝ። ወጣትነታችንን መቀለጃ ያደረገው መሰለኝ።»

«ምን አሉት?»

«ምንም አልነበረም አልኩት፤» አለች። «ምንም አልነበረም እያልኩ ነው የሸኘሁት።»

ሁለቱም አለቀሱ ብል ደስ ባለኝ፤ አላለቀሱም። ኔዳ ከወጣች በኋላ ደረጃው ላይ ሳለች ስቶያንካ ከላይ ጠራቻት።

«ድሩዥባ ያለው የመጨረሻው መጠበቂያ፤» አለች። «የመንደራችን አውቶቡስ ድሮ ይነሳ የነበረው ከዚያ ነው። ከቆመ ሠላሳ ዓመት አለፈው።»

አርብ ቀን ሳጥኑ ተጠናቀቀ። ክራሲሚር እየፈተሸ፣ እነዚህ አርባ አንድ መንትዮች ቦታ ይይዛሉ፣ ሰርዢያቸው አለ። ኔዳ አልሰርዝም አለችው። ለምን አላላትም፤ ፊቷን አይቶ ተወው።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ ሴቶች ሦስት ወረቀት ይዘው ወጡ። አንዱን ስቶያንካ ቤት መግቢያ ላይ ለጠፉ፣ አንዱን ቢሮው በር ላይ፣ ያ ጥጉ የተቀደደው ላይ። ከዚያ የድሩዥባን አውቶቡስ ተሳፍረው እስከ መጨረሻው ሄዱ። እዚያ የሊዩቤንን ወረቀት ማንም ለጥፎ አያውቅም፤ ስቶያንካ በዚያ በኩል ማለፍ ታፍር ነበርና። መጠበቂያው ላይ ጥቂት ሰዎች ቆመዋል፤ አንገታቸውን አስግገው አነበቡ። ከፎቶው ሥር ስሙ አለ፣ ሁለት ዓመት ይላል፣ ከዚያ በታች ስቶያንካ ራሷ ያጻፈችው አንድ መስመር አለ።

«ስትፈልጋት የኖርካት እኔ ነኝ። ስቶያንካ»

ብርዱ ብርቱ ስለነበር ሙጫው አልይዝ አለ። ስቶያንካ አንዱን ጥግ በመዳፏ ተጭና ያዘች፤ ኔዳም ሌላውን ያዘች። አውቶቡሱ መጣ፣ ሰዎቹ ተሳፈሩ፣ ሹፌሩ ይሳፈሩ እንደሆነ በዓይኑ ጠየቃቸው። ስቶያንካ ሂድ አለችው፤ ወረቀቱ ገና አልያዘም ነበር።